«ያኔ ሥራ ላይ አልነበርሽም»፦ በፈቃድ ላይ የነበሩ መምህራን ውዝፍ አይገባቸውም?

ዛሬ የምናየው ለዋጃ፣ ለቆቦና ለአካባቢው መምህራን ቅርብ የሆነ ጉዳይ ነው። ደመወዝ ወይም ጭማሪ ለወራት ይዘገያል፣ ከዚያ ውዝፉ ባንዴ ይለቀቃል። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን የአንዳንዱ ስም የለም። ሲጠየቅ «ያኔ ሥራ ላይ አልነበርሽም» ይባላል። እሷ ግን ያኔ አራስ ነበረች። ሌላው ደግሞ ታሞ ተኝቶ ነበር። ታዲያ ይሄ መልስ ያስኬዳል ወይ?

ባጭሩ፦ ፈቃዱ ደመወዝ የሚከፈልበት ከሆነ አያስኬድም።

ከወሊድ እንጀምር። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ፈቃዱን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን አድርጎት ነበር። ለአባትም 10 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ሰጥቶ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው የሠራተኞች አዋጅ ስላላቸው የቀኑን ቁጥር ከራሳችሁ ክልል አዋጅ አረጋግጡ። «ሙሉ ደመወዝ» የሚለው ግን ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ነው፤ የትኛውም ወረዳ ሊሸራርፈው አይችልም።

በቁጥር እንየው። በመስከረም 2018 በተደረገው ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ልዩነቱ በወር 4,560 ብር ነው። ጭማሪው ዘግይቶ ቢደርስና አንዲት ሠራተኛ አራቱን ወር በወሊድ ፈቃድ ላይ ብትሆን፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ 18,240 ብር ውዝፍ አላት ማለት ነው። በዱቤ ለምትኖር አራስ ይሄ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሕመም ላይ ስሌቱ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 515/1999 ተቀምጦ ለዓመታት የተሠራበት አሠራር እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 3 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 2 ወር ያለ ደመወዝ። ስለዚህ ውዝፉም በዚያው ልክ ይሰላል። ሙሉ ለሚከፈልበት ወር ሙሉ ልዩነት፣ ግማሽ ለሚከፈልበት ግማሽ። ያለ ደመወዝ ለታለፈው ወር ውዝፍ የለም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ግን ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ስላሳለፈ ስሙ ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ይሰረዝ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊትና በኋላ የሠራባቸው ወራት አሉ።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ነው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2013 ከጀመረው ጦርነት ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ አስተዳደር ተቀያይሯል፣ ሰው ተፈናቅሏል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ቢፈረምም የራያ የአስተዳደር ጥያቄ ወዲያው አልተቋጨም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈቃዱን የፈረመው አንድ ቢሮ፣ ፔሮሉን የሚሠራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሥራ ላይ የነበረ መምህር ምስክሩ ብዙ ነው፤ ተማሪው፣ ባልደረባው፣ የፊርማ ወረቀቱ። በፈቃድ ላይ የነበረች መምህርት ግን ያላት አንድ ደብዳቤ ነው። እሱ ከጠፋ «ሥራ የለቀቀች» ልትመስል ትችላለች።

በትግራይ የመምህራን ማኅበር የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ ጉዳይን እስከ ፍርድ ቤት ወስዶታል። ማስረጃ ያለው ሰው ግን ይቀድማል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. የፈቃድ ደብዳቤውን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ የልጁን የልደት ማስረጃና የባንክ ስቴትመንቱን ኮፒ አድርጉ። በስልክም ፎቶ አንሱ።

2. ጥያቄውን በቃል አትተዉት። የትኞቹ ወራት እንደጎደሉ ዘርዝራችሁ በርዕሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ። የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያለበት ኮፒ በእጃችሁ ይቅር።

3. «አይከፈልም» ከተባለ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ቀጥሎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይኬዳል። ሁለቱም ቀነ ገደብ ስላላቸው አትዘግዩ።

4. መዋጮ የምትከፍሉለትን የመምህራን ማኅበር አሳውቁ። አምስት ሆናችሁ የምታቀርቡት ጥያቄ ከአንድ ሰው ጥያቄ ይከብዳል።

በግል ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ደግሞ፦ እናንተን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የወሊድ ፈቃዱ እዚያም 120 ቀን ሲሆን ለአባት 3 ቀን ነው። በሕመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያው 6 ወር ብቻ ነው! አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ «እንከፍላለን፣ ታገሱ» ሲሏችሁ በወረቀት ይሁን በሉ።

መውለድም መታመምም ሥራ መልቀቅ አይደለም። ፈቃድ የወጣ መምህር ያው መምህር ነው። ይሄን ጽሑፍ አራስ ቤት ላለች ወይም ታሞ ለተኛ መምህር ሼር አድርጉለት። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስማችሁን አናወጣም።