ቅቤ የማያድነው ፎረፎር

በሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፍን። ፎ-ረ-ፎ-ር። ፎረፎር።

አራት ፊደል ብቻ ነው። «ፎ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። «ረ» እና «ር» የአንድ ቤት ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ ለጀማሪ አንባቢ አይከብድም ብለን መረጥነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረንም።

ቃሉን ቆመው ያነበቡት አንዲት እናት ናቸው። በትክክል አነበቡት። ሰው አጨበጨበላቸው። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ። ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን ወደ እኛ ቀረብ አሉ።

«ልጆቼ፣ ይህን ቃል የጻፋችሁት እኔን አይታችሁ ነው?» አሉን።

ደነገጥን። እሳቸውን አይተን እንዳልሆነ ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ ሻሻቸውን ፈታ አድርገው አሳዩን። ሹሩባቸው ከተሠራ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በሹሩባው መስመር መካከል ነጭና ቢጫ ቅርፊት ተጋግሯል። የነጠላቸው ትከሻ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

«ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። በወስፌ ጫፍ ነው የማከው። ደረቀ ብዬ ቅቤ እቀባለሁ። ቅቤው ሲቀልጥ ለጊዜው ደህና ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ብሶ ይመጣል። ለቅሶ ቤት እንኳ ዳር ይዤ ነው የምቀመጠው። ቅማል አለባት እንዳልባል ነው» አሉ።

ትንሿ ልጃቸውም አብራቸው ነበረች። ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነው። በእሷ ራስ ላይ ደግሞ ጠጉር የሌላቸው ሁለት ክብ ክብ ቦታዎች አሉ። «የእኔ ነው የተጋባባት» አሉ እናትየዋ። ያንኑ ቅቤ ለእሷም ይቀቧታል።

እኛ ወጣቶች ነን፤ ሁሉን የምናውቅ ይመስለናል። «ቅቤውን ይተዉና በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ» ብለን መከርናቸው። ቤታቸው ያለው ሳሙና የልብስ ሳሙና ነበር። በሳምንቱ ሲመጡ የራሳቸው ቆዳ ተሰነጣጥቆ፣ ጠጉራቸውም እንደ ደረቀ ሣር ሆኖ አየነው። ምክራችን ስሕተት ነበር። እሳቸው ግን «ምነው ልጆቼ» ብቻ ነው ያሉን። በማግስቱ እናትና ልጅን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ከዚህ በታች የምንጽፈው እዚያ ከነርሷ የተማርነውን፣ ኋላም በመጽሐፍ አንብበን ያጣራነውን ነው።

ነርሷ የሁለቱንም ራስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች። «የእናትየዋ ሌላ፣ የልጅቷ ሌላ ነው። አልተጋባባትም» አለች። ከራስ ላይ የሚረግፍ ነገር ሁሉ ፎረፎር አይደለም ማለት ነው።

አንዳንዱ የቆዳ መድረቅ ብቻ ነው። በደጋ አገር በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚያን ጊዜ ተረከዝ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ የራስ ቆዳም ይደርቃል። የሚረግፈው ጥቃቅን፣ ነጭና ደረቅ ነው፤ ሲያራግፉት ብን ይላል። ብርቱ ሳሙናና በጣም የሞቀ ውሃም እንዲህ ያደርጋል። እኛ በምክራችን ያደረስነው ጉዳት ይህ ነበር። ለስላሳ ሳሙና መጠቀምና መታጠቡን ማራራቅ ያሽለዋል።

ዋናው ፎረፎር ሌላ ነው። የሚረግፈው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ቅባት ያለውና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ያሳክካል። አንዳንድ ጊዜም ከራስ አልፎ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ዳርና ከጆሮ ጀርባ ይወጣል። የዚህ ምክንያቱ ድርቀት አይደለም። በሰው ሁሉ የራስ ቆዳ ላይ በዓይን የማትታይ እርሾ ትኖራለች። የሊጥ እርሾ ከዱቄቱ ተመግባ ሊጡን እንደምታቦካው፣ ይህችኛዋ ከቆዳችን የሚወጣውን ወዝ ትመገባለች። ስሟ ማላሴዚያ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ማላሴ ከሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በአጉሊ መነጽር ያጠናት እሱ ነበርና።

ይህች እርሾ ብዙውን ጊዜ አትጎዳም። ቅባት ሲበዛላት ግን እሷም ትበዛለች። ከበላችው ቅባት የሚተርፈው ነገር ደግሞ የብዙ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል። የራስ ቆዳ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ራሱን ያድሳል፤ አሮጌው ሳይታይ ይረግፋል። ሲቆጣ ግን ይቸኩላል፤ እየተጋገረ በቅርፊት በቅርፊት ይወድቃል።

እንግዲህ አስቡት። እርሾዋ የምትፈልገው ቅባት ነው። እኛ ደግሞ ደረቀ ብለን በላዩ ቅቤ እንጨምርላታለን። ቅቤው ሲቀልጥ ቅርፊቱ ስለሚርስ የዳነ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ግን እናትየዋ እንዳሉት ነው።

እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። «ቅቤ እናቴም አያቴም ተቀብተው ነው የኖሩት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የእኛ ጠጉር ጥቅልል ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በሉጫ ጠጉር ላይ፣ በቀጥተኛ ቦይ እንደሚሄድ ውሃ፣ እስከ ጫፍ ይወርዳል። በጥቅልል ጠጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ወዙ ሥሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጠጉር ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ሲደርቅ ይሰበራል። በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለመካከሉና ለጫፉ። ፎረፎር ያለበት ቆዳ ላይ ግን አይሆንም።

«እማማ፣ ቅቤውን አልከለከልኩም። ቦታውን ነው የቀየርኩት» አለቻቸው ነርሷ። ፊታቸው የተፈታው ይኼኔ ነው።

የልጅቷ ሕመም ቆረቆር ነው። ይህ ተላላፊ ነው። ሌላ ዓይነት ፈንገስ ከጠጉሩ ሥር ገብቶ ጠጉሩን ይሰብረዋል። ቦታው ክብ ነው፤ ቅርፊት አለው፤ ከተሰበረው ጠጉር የቀረው እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ልጆችን ነው። በሚዶ፣ በምላጭ፣ በሻሽ፣ በቆብና በአንድ ትራስ አብሮ በመተኛት ይተላለፋል። ችላ ከተባለ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል። ጠባሳ ከሆነ ደግሞ በዚያ ቦታ ጠጉር ዳግመኛ አይበቅልም። ለአንዲት ሴት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለቆረቆር ቅቤ ፈውስ አይሆነውም። ከፋርማሲ የሚገዛ የሚቀባ መድኃኒትም ብቻውን አይበቃም። ፈንገሱ ያለው ከሥር ስለሆነ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለልጅቷ ግሪሶፉልቪን የሚባል ክኒን ታዘዘላት። በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። ጠጉሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር «ድናለች» ብሎ ማቋረጥ ክልክል ነው፤ ይመለሳልና። ክኒኑ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

እናትየዋ በዚህ ሳቁ። «እንግዲያው የልጄ ቅቤ ከራሷ ወደ ወጧ ይውረድ» አሉ። ነርሷም «እንዲያ ነው!» አለች።

በቤቱ ያሉት ልጆች ሁሉ እንዲታዩ ተባለ። የልጅቷ ታናሽ ወንድም ቁንጮ ነው፤ ራሱን የሚላጨው በአንድ ምላጭ ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው። በእሱም ራስ ላይ ሊጀምር ሲል ተገኘ። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ መሆን አለበት። ምላጭ መዋዋስ ከቆረቆር የባሰም ያመጣል፤ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋሉ። ሚዶው በፈላ ውሃ ተቀቀለ። ሻሹና የትራሱ ጨርቅ በፈላ ውሃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጡ።

ለእናትየዋ ደግሞ ኬቶኮናዞል የሚባል መድኃኒት ያለበት ፈሳሽ የራስ ሳሙና ተሰጣቸው። ሉጫ ጠጉር ላለው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ይታዘዛል። ጥቅልል ጠጉር ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ነርሷ ቀነሰችላቸው። በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «በሳምንት 1 ቀን። ቆዳው ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ። ለ4 ሳምንት።»

ወረቀቱን ራሳቸው አነበቡት። እኛ አላገዝናቸውም። «ደቂቃ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆም አሉና «ሰዓት የለኝምኮ» አሉ። ነርሷም አንድ ስኒ ቡና ቀስ ብለው እስኪጠጡ ያህል እንዲያቆዩት ነገረቻቸው።

ይህ መድኃኒት በሁሉም ቦታ አይገኝም። ገንዘብም ይጠይቃል። ቀላል ፎረፎር ግን አስተጣጠብ በማስተካከል ብቻ ሊሻለው ይችላል። ውሃ ከሩቅ እንደሚቀዳ እናውቃለን፤ ግማሽ ጀሪካን ይበቃል።

መጀመሪያ ሹሩባው ይፈታ። ቅርፊቱ የጠነከረ ከሆነ ጥቂት ዘይት ይቀባና ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ይህ ለማራስ ነው፤ አብሮ ይታጠባል። ጠጉሩን በአራት ከፍሎ ለብ ባለ ውሃ ማራስ ነው። ሳሙናው የገላ ሳሙና ይሁን፤ የልብስ አይሁን። ሳሙናውን በእጅ ላይ አረፋ አድርጎ፣ አረፋውን ቆዳው ላይ በጣት ጫፍ ማሸት ነው። በጥፍር አይሆንም፤ በወስፌማ ጭራሽ! ቆዳ ሲቧጠጥ ይቆስላል፤ ቁስሉም ሊመግል ይችላል። ጠጉሩን ለብቻው ማሸት አያስፈልግም፤ የሚወርደው አረፋ ያጥበዋል። ሳሙና እንዳይቀር ደጋግሞ ማለቅለቅ ይገባል። ጠጉሩ ገና እርጥብ እያለ ጫፉን በጥቂት ቅቤ ማሸት ይቻላል። ተልባ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ የሚያሙለጨልጨውን ውሃ መቀባትም ጠጉር ያለሰልሳል። ሳይደርቅ ግን በሻሽ አይታፈን።

በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ለእኛ ጠጉር ተስማሚ ነው። ሹሩባ ላይ እያለም በመስመሮቹ መካከል አረፋ እየነኩ መታጠብ ይቻላል። ሹሩባው ሁለት ወር መቆየቱ ግን በዝቷል። ሲሠራም ግንባር እስኪወጠር መጥበቅ የለበትም። የግንባር ጠጉር እየተነቀለ ወደ ኋላ የሚሸሸው ከዚህ የተነሳ ነው። (ጠጉር የሚሠሩ ሴቶች በዚህ እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ ቶሎ ይፈታል ይላሉ።)

በእንዶድ ስለመታጠብም ተጠይቀናል። እንዶድ ለልብስ ጥሩ ሳሙና ነው። ግን ብርቱ ነው። በ1964 በፈረንጆች አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። ትልቅ ሥራ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ለቆሰለ ራስ አይመከርም፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ክፉኛ ይለበልባል። በቆላ አገር ሰዎች የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል ወቅጠው በአረፋው ይታጠባሉ፤ እሱ ይሻላል። ሎሚ የተቧጠጠ ቆዳን ያቃጥላል። ላምባና የተባይ መርጫ መድኃኒት ግን በራስ ላይ ከቶ አይደረጉ። ላምባ በእሳት አጠገብ ይነዳል፤ የተባይ መርጫውም በቆዳ ገብቶ ሰው ይገድላል።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር እንጨምር። በአራስ ልጅ ራስ ላይ ቢጫ ቅርፊት ሲጋገር እናቶች እርግብግቢቱን ላለመንካት ይፈራሉ፤ ቅቤ ብቻ እየደራረቡ ይተዉታል። ይህ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። በጥቂት ዘይት አርሶ፣ በለስላሳ ሳሙና ቀስ አድርጎ ማጠብ እርግብግቢቱን አይጎዳም። በጥፍር መላጥ ነው የሚጎዳው።

አራት ሳምንት በደንብ ታጥቦ ያልተሻለው፣ የሚመግል ወይም ጠጉር የሚያረግፍ ከሆነ፣ ወይም ቅርፊቱ ወፍሮ ወደ ፊትና ወደ ሌላ ገላ ከተስፋፋ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ፎረፎር አንዴ ከተሻለ በኋላም ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ መታጠቡን እንደገና መጀመር እንጂ ማፈር አያስፈልግም። ከቆሻሻ የመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

እናትየዋ ለጥምቀት ሹሩባ ተሠርተው አየናቸው። ሻሹ ትከሻቸው ላይ ነበር። ከሹሩባው ጫፍ አደስ አደስ ይሸታል። አሁንም አልፎ አልፎ ያሳክከኛል ይላሉ፤ ወስፌውን ግን ወደ ስፌታቸው መልሰውታል። የልጅቷ ክብ ቦታዎች ላይ ጠጉሩ እንደ ገብስ ቡቃያ ቆሟል። ክኒኗን እስከ መጨረሻው ውጣለች። አሁን የራሷ ሚዶ አላት። በሚዶው እጀታ ላይ ስሟ በምስማር ተጽፏል። የጻፉት እናቷ ናቸው።