የራጅ መሣሪያ ለደጋ ከተማ

የደጋዋ ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚያ ለሚተከል ዲጂታል ራጅ ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት አምራቹ ያስቀመጠው የከፍታ ገደብ ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ በተሸከሙ ክፍሎች መካከልም ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። ብዙ አምራቾች ዝቅተኛውን የአየር ግፊት 700 ሄክቶፓስካል ይላሉ፤ የመሐል ሜዳ ግፊት እዚሁ ጠርዝ ላይ ነው።

ከዲጂታል ራጅ ዓይነቶች በካሴት የሚሠራው ዋጋው ይቀንሳል፤ ባለሙያው ግን ካሴቱን ከእያንዳንዱ ምስል በኋላ ወደ ማንበቢያው ማሽን ማስገባት አለበት። ጠፍጣፋ ዲቴክተር ያለው ምስሉን በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያወጣል፤ ዲቴክተሩ ከእጅ አምልጦ ከተሰበረ ግን መተኪያው እጅግ ውድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ኃይል በባትሪ የሚያጠራቅመው ይሻላል። ጥገናውን ማን፣ በስንት ቀን እንደሚሠራ ያልሰፈረበት ውል በፍጹም መፈረም የለበትም።