ሩዝና ምስር በአንድ ድስት፦ ኪችሪ የተባለውን የህንድ ምግብ በቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዘጋጀት

በደቡብ ጎንደር ዞን በእብናት ወረዳና በአጎራባች ደጋማ አካባቢዎች የብዙ ቤተሰቦች የዘወትር ምግብ እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ ነው። ይህ አመጋገብ ጥሩ መሠረት አለው፤ እህልና ጥራጥሬ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ሆኖም በብዙ ቤቶች ወጡ ሲቀጥን እንጀራው ብቻ ይበዛል፤ አትክልት አልፎ አልፎ እንጂ በየዕለቱ አይቀርብም፤ ለሕፃናትም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። ይህ ጽሑፍ ኪችሪ የተባለውን የህንድ ምግብ ከአካባቢው ገበያ በሚገኙ ምርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክሩ ቤተሰቦች አዘገጃጀቱን፣ ጥቅሙን፣ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄና ከሥነ ምግብ ጋር የተያያዙ የጤና አገልግሎቶችን ያብራራል።

ኪችሪ ምንድን ነው?

ኪችሪ ሩዝና ጥራጥሬ በአንድ ድስት እስኪላላ ድረስ ተቀቅለው የሚዘጋጁት የገንፎ ዓይነት ምግብ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን የጎበኘው የሞሮኮ ተወላጁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ፣ የአገሩ ሰዎች ማሾና ሩዝ በአንድነት ቀቅለው ከቅቤ ጋር ለቁርስ እንደሚመገቡ መዝግቧል። ዛሬም በህንድ ኪችሪ የሕፃን የመጀመሪያ ምግብ፣ የሕመምተኛና የአረጋዊ ቀለብ እንዲሁም የማንኛውም ቤተሰብ ቀላል እራት ነው።

ለዚህ ምግብ የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል በአካባቢው ይገኛል። ሩዝ ከእብናት ብዙም በማይርቀው የፎገራ ሜዳ ይመረታል፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል። ምስርና ሽምብራ የደጋውና የወይና ደጋው ገበሬ ምርቶች ናቸው። በህንድ ለኪችሪ የሚመረጠው ማሾም በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ይመረታል።

የእህልና የጥራጥሬ ጥምረት ለምን ይጠቅማል?

ሰውነት ሥጋውን፣ ደሙንና ጡንቻውን የሚገነባው በፕሮቲን ሲሆን፣ ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። ሩዝ፣ ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ምስርና ሽምብራ ደግሞ ላይሲን በብዛት ሲኖራቸው ሜታዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል። ሁለቱ በአንድነት ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ስለዚህ ሥጋና እንቁላል በየዕለቱ ለማይገኝበት ቤት እህልን ከጥራጥሬ ጋር አጣምሮ መመገብ ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ተመጣጣኝ የሚባለው መጠን ለሁለት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 41 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት አላገኙም። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 37 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመ ነው። ይህ ዓላማ ከግብ የሚደርሰው በጤና ተቋማት በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ድስት ውስጥ በሚገባው ምግብም ጭምር ነው።

ለአምስት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት የውኃ ብርጭቆ ሩዝ
- አንድ የውኃ ብርጭቆ ምስር ክክ ወይም ማሾ
- ዘጠኝ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ
- አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ
- መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል
- አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፤ ካልተገኘ ድንብላል
- ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ በፍስክ ቀን ቅቤ
- አንድ ካሮት ወይም ቁራጭ ዱባ፣ አንድ ጭብጥ ጎመን፣ ሁለት ቲማቲም
- አዮዲን ያለው ጨውና ግማሽ ሎሚ

እርድ በዱቄት መልክ ሲሸጥ ቀለሙን ለማድመቅ ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል። በደቡብ እስያ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን የያዘ ቢጫ ቀለም በእርድ ላይ ሲጨመር ተገኝቷል፤ እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ስለዚህ ያልተፈጨውን ደረቅ እርድ ገዝቶ በቤት መውቀጥ ወይም ማስፈጨት ይመረጣል።

አዘገጃጀት

በመጀመሪያ ምስሩ ከጠጠርና ከባዕድ ፍሬ ይለቀማል። ምስርና ሩዙ ታጥበው ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ። ድፍን ምስር ወይም ማሾ ከሆነ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት መዘፍዘፍ ይኖርበታል። የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል። መዘፍዘፍ የማብሰያ ጊዜን ያሳጥራል፤ ማገዶም ይቆጥባል።

ይህ በደጋማ አካባቢ የበለጠ ጠቀሜታ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ጥራጥሬ በቆላ ከሚወስደው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። የህንድ ቤተሰቦች በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ይጠቀማሉ፤ ይህ ከሌለ ግጣሙ ጥብቅ የሆነ ድስትና ትዕግሥት ይበቃል።

ቀጥሎ ሩዙ፣ ምስሩና እርዱ በዘጠኝ ብርጭቆ ውኃ ይጣዳሉ። ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ይገፈፋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተከተፈው ካሮት ወይም ዱባ ይጨመርና ድስቱ ተከድኖ በመለስተኛ እሳት ይንተከተካል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ፍሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ይሆናል። ውኃው ካነሰ የፈላ ውኃ ይጨመርበታል። ጎመኑ የሚጨመረው ድስቱ ከመውጣቱ አምስት ደቂቃ በፊት ነው።

የህንድ አሠራር ከአገራችን ወጥ የሚለየው በቁሌቱ ቅደም ተከተል ነው። በእኛ ማዕድ ቤት ሽንኩርት አስቀድሞ ይቁላላል፤ በኪችሪ ግን ቁሌቱ የሚዘጋጀው በመጨረሻ ነው። በሌላ መጥበሻ ዘይቱ ይግላል፤ ከሙኑ ይጨመርበትና ሽታው ሲወጣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ። በመጨረሻም ቲማቲሙ ገብቶ ሲላላ ሁሉም በበሰለው ድስት ላይ ይገለበጣል። በዚህ ዘዴ ጥቂት ዘይት ለመላው ድስት ጣዕም ይሰጣል፤ የቅመሙም መዓዛ ሳይጠፋ ለማዕድ ይቀርባል። በርበሬ የሚፈልጉ አዋቂዎች በየሳህናቸው ሊጨምሩ ይችላሉ።

ጨው የሚጨመረው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ አዮዲን በሙቀት ይቀንሳልና። ለዚህ መጠን ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ጨው በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበታል። በሎሚና በቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በምስሩ ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት በሚገባ እንዲጠቀምበት ያግዛል። ሻይና ቡና ግን በተቃራኒው ይከለክላሉና ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል።

የተረፈ ሩዝ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አይታደርም። የበሰለ ሩዝ ለብ ባለ ሁኔታ ሲቆይ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋሲ ይራባበታል፤ እንደገና ማሞቅም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ማብሰል ያስፈልጋል።

ምስሩ በጓያ አይተካ

ምስር ሲወደድ ክኩን በጓያ ክክ የመተካት ልማድ አለ። ጓያ ድርቅንም የውኃ መተኛትንም ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት እርሱ ይተርፋል። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ጓያ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ለተከታታይ ሁለትና ሦስት ወራት የምግቡን አብዛኛውን ክፍል ጓያ ያደረገ ሰው እግሮቹ ሊከብዱ፣ ባቱ ሊኮማተርና በመጨረሻም ያለ ምርኩዝ መራመድ ሊሳነው ይችላል። ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። የደረሰውን ሽባነት የሚያድን መድኃኒት የለም።

ይህ ችግር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከነበረው የምግብ እጥረት በኋላ ደግሞ በሰሜን ወሎ ደላንታና ዳውንት በርካታ ሰዎች በጓያ ምክንያት የእግር ሽባነት ደርሶባቸዋል። ህንድም በተመሳሳይ ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያ ሽያጭ በአብዛኞቹ ግዛቶቿ እንዲታገድ አድርጋለች። ስለዚህ የህንድን ምግብ የሚሞክር ሰው ይህንንም የህንድ ትምህርት አብሮ መውሰድ ይገባዋል።

ጓያን መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት የመርዙን መጠን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ ዝርያ በአገራችን ቢለቀቅም የዘወትር ብቸኛ ምግብ ሊሆን አይገባም። ጓያ የሚጠቀም ቤተሰብ ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅሎ፣ በጥቂቱና አልፎ አልፎ እንዲጠቀም፣ እሸቱንና ንፍሮውን ከማብዛት እንዲቆጠብ ይመከራል። ቤት ውስጥ ከጓያ በቀር ጥራጥሬም እህልም የሌለው ቤተሰብ ሁኔታውን ሳይዘገይ ለቀበሌው ማሳወቅ ይኖርበታል። እግሩ መክበድ ወይም መንቀጥቀጥ የጀመረው ሰው ጓያ መብላቱን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ለሕፃናትና ለእናቶች

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር ጀምሮ ጡት ሳይቋረጥ ኪችሪን ከመሰለ ለስላሳ ምግብ ጋር ይለማመዳል። የሕፃኑ ድርሻ በርበሬ ሳይገባበት ተነሥቶ በማንኪያ ጀርባ ይፈጫል። ከማንኪያው ላይ የማይፈስ ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። ከ6 እስከ 8 ወር ላለ ሕፃን በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከ9 እስከ 23 ወር ላለው ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ይሰጣል። የተፈጨ የተቀቀለ እንቁላል ሲጨመርበት ምግቡ ይበልጥ የተሟላ ይሆናል።

በጾም ወቅት ኪችሪ በዘይት ሲሠራ ለጿሚው የሚስማማ ገንቢ ምግብ ነው። ሕፃናት ግን በጾምም ወቅት እንቁላልና ወተት ማግኘት ይኖርባቸዋል። አንዳንድ እናቶች የጾም ዕቃ እንዳይነካካ በመስጋት ለሕፃኑ የፍስክ ምግብ ሳያዘጋጁ ይቀራሉ። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ መለየት ችግሩን ያቃልላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስለ ጾሟ ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር መልካም ነው።

የሚገኙ አገልግሎቶች

በየቀበሌው በሚገኙ ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሕፃናትን ክብደትና የክንድ ዙሪያ ይለካሉ። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ደግሞ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል። እግሩ ያበጠ ሕፃንም ልኬት ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ነፍሰ ጡር እናቶች በቅድመ ወሊድ ክትትል የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ያገኛሉ፤ ሕፃናትም በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ ይሰጣቸዋል።

ምግቡን አይተው መማር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በጤና ኬላቸው የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ እንዲደረግላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ጥቂት ጎረቤታሞች ከየቤታቸው አንድ እፍኝ ምስር፣ አንድ እፍኝ ሩዝና አንድ ካሮት ይዘው ቢገናኙ ለአንድ ሠርቶ ማሳያ በቂ ነው። ሩዝ በሌለበት ቤትም የገብስ ቅንጬ ወይም የማሽላ ክክ በምስር ሊሠራ ይችላል። ዋናው ነገር ሁለት እጅ እህልን ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ማጣመር፣ አትክልት መጨመርና የሚጣደውን ፍሬ ለይቶ ማወቅ ነው።