የካሉብ ጋዝ ገቢ እስከ ዶርዜ እንዴት ይደርሳል?

በዶርዜ ደጋማ ቀበሌዎች ከእንሰት ጓሮው ባሻገር ገብስና ድንች የሚያለማ አርሶ አደር የዩሪያ ዋጋ በየዓመቱ ያሳስበዋል። ዩሪያ እስካሁን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ሲሆን፣ ለማምረቻው ከሚውሉት ግብዓቶች ዋነኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ መመረቁ፣ በዚያው ዕለትም በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ ግንባታ መጀመሩ ለጋሞ አርሶ አደርም ጉዳዩ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከማዳበሪያው ጎን ለጎን ግን የገንዘቡ ጥያቄ አለ። ከጋዙ የሚገኘው ገቢ የማን ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ጋዙ የሚወጣበት ክልል ብቻውን፣ የፌዴራል መንግሥቱም ብቻውን ባለቤት ሊባል አይችልም። ባለቤትነቱ የጋራ ቢሆንም ገቢው በአንድ መንገድ አይከፈልም፤ ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚደበላለቀውም እዚህ ላይ ነው።

አምራቹ ሀብቱን ስላወጣ የሚከፍለው ሮያሊቲና ከሥራው ገቢ ላይ የሚከፍለው ግብር በአንቀጽ 98 የፌዴራሉና የክልሎች የጋራ ገቢ ናቸው። ይህን የጋራ ገቢ የማከፋፈል ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል። የአክሲዮን ባለቤት የሚያገኘው ትርፍ ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ከጎዴው ፋብሪካ 60 በመቶው የዳንጎቴ ግሩፕ፣ 40 በመቶው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው። ሆልዲንግሱ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ነው። አንቀጽ 98 በትርፍ ድርሻ ላይ የሚጣለውን ግብር የጋራ ሲያደርግ፣ ትርፉን ራሱን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ክልሎች ከአርባው በመቶ እንደ ባለአክሲዮን እንካፈላለን ቢሉ የሚጠቅሱት አንቀጽ ይቸግራቸዋል።

ገንዘቡ ክልል ከደረሰ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የደበዘዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ በአንቀጽ 50 ቢያዝም፣ ለዞንም ሆነ ለወረዳ ከጋዝ ገቢ ይህን ያህል በመቶ ይድረስ አላለም። በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በቀመር የተሰላ ጥቅል በጀት ሲያገኙ ቆይተዋል። የጋራ ገቢው በዚህ መንገድ ከሌላው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ፣ የዶርዜ ሸማኔ ወይም ገበሬ ከወረዳው በጀት ውስጥ የትኛው ብር ከጋዝ እንደመጣ ለይቶ ሊጠይቅ አይችልም።

ናይጄሪያ በዚህ ረገድ ቀድማ ተፈትናለች። የ1999 ሕገ መንግሥቷ ከነዳጅ ገቢ ቢያንስ 13 በመቶው ለአምራች ግዛቶች እንዲመለስ ያስገድዳል። ገንዘቡ የሚገባው ግን ለግዛት መንግሥታት በመሆኑ፣ ጉድጓዶቹ አጠገብ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ቅሬታ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የነዳጅ ሕግ ኩባንያዎች ከዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪያቸው 3 በመቶውን ለአካባቢው ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲያስገቡ የደነገገው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ለጋሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቱሎው ኦይል በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞና በጨው ባሕር አካባቢ የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓዶችን ቆፍሮ፣ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ወጥቷል። ዛሬ ደቡብ ኦሞና ጋሞ በአንድ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ነዳጁ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ የግጦሽ መሬቱን የለቀቀው የኦሞ አርብቶ አደር ምን ያህል፣ የዶርዜ ቀበሌስ ምን ያህል ይድረሰው የሚለውን የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ይሆን ነበር።