የአፈር ብሎኬት ለማን ይረክሳል?

ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ በነበረ አንድ የቤቶች ጥናት ማዕከል፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የቺሊው መሐንዲስ ራውል ራሚሬዝ «ሲንቫ ራም» የተባለውን የብረት መጭመቂያ ሠራ። ሞተር የለውም። ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት እርጥብ አፈር ይሞላበታል፣ ረጅሙ እጀታ ይጎተታል፣ ብሎኬቱ ተጠቅጥቆ ይወጣል። መሣሪያው ከላቲን አሜሪካ ተነሥቶ አፍሪካንና እስያን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ የአፈር ብሎኬት «ለገጠር የሚሆን ርካሽ ቤት» እየተባለ ሲነገርለት ኖሯል። ታዲያ ርካሽ ከሆነ ገበሬው ለምን አልሠራበትም?

ነገሩ የሚወሰነው ከምን ጋር በመወዳደሩ ነው። ከሲሚንቶ ብሎኬት ጋር ከሆነ በእርግጥ ይረክሳል። የሚያስፈልገው ሲሚንቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። 7 ኪሎ በሚመዝን ብሎኬት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ቢገባ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 200 ብሎኬት ያወጣል። እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት ስለማይተኮስም ማገዶ አይፈጅም።

የእኛ አገር ገበሬ ግን የሚያወዳድረው ከጭቃ ቤቱ ጋር ነው። ባሕር ዛፉን ከጓሮው ይቆርጣል፣ ጭዱን ከአውድማው ያመጣል፣ ጭቃውን ጎረቤት በደቦ ረግጦ ይመርግለታል። ከኪሱ የሚያወጣው በአብዛኛው ለቆርቆሮና ለምስማር ነው። ግድግዳውን ምስጥ እንደሚበላው፣ ዝናብ እንደሚያጥበው ያውቃል። ቢሆንም ጉልበቱ በእጁ ነው፤ የሲሚንቶው ብር ግን የለውም።

ሌላው ችግር አፈሩ ራሱ ነው። አሸዋ የበዛበትና መጠነኛ ሸክላነት ያለው አፈር ይስማማዋል። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ግን አይሆንም። መለየቱ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ዘይት ይቀባና በእርጥብ አፈር ይሞላል። ፀሐይ ላይ 3 ቀን ከቆየ በኋላ አፈሩ ምን ያህል እንደሸሸ በማስመሪያ ይለካል። ብዙ ከሸሸ ተጨማሪ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ከልክ ካለፈ አፈሩን መተው ነው። የተመረተውም ብሎኬት ቢያንስ ለሳምንት ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት። መጭመቂያ ብቻ አድሎ ይህን ሳያስተምሩ መሄድ የሚፈረፈር ግድግዳ ያተርፋል። አንዴ የፈረሰ ቤት ያየ መንደር ደግሞ ዳግመኛ አይሞክረውም።

ስለዚህ መጀመር ያለበት ከገበሬው ቤት ሳይሆን ከሕዝብ ሕንፃ ይመስለኛል። በደቡብ አፍሪካ የማፑንጉብዌ ብሔራዊ ፓርክ የጎብኚዎች ማዕከል ቅስት ጣሪያ የተሠራው፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በእጅ በጨመቋቸው 200,000 ገደማ ስስ የአፈርና የሲሚንቶ ጡቦች ነው። ሕንፃው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ምርጥ የዓለም ሕንፃ ተብሎ ተሸልሟል። በእኛም ገጠር ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የመምህራን መኖሪያ በመንግሥት በጀት መሠራታቸው አይቀርም። ሲሚንቶው እዚያ አስቀድሞ በጀት አለው። ሥራው ሲያልቅ መጭመቂያውና አፈር መለየት የተማሩት ወጣቶች እዚያው ቀበሌ ከቀሩ፣ ቀጥሎ ቤት የሚሠራው ገበሬ ለግድግዳው ከኪሱ የሚያወጣው የሲሚንቶውን ብቻ ይሆናል።