ተውባም፣ ምርመራም
ስለ ኤች አይ ቪ ስጋት ለቀረበልን ጥያቄ የተሰጠ መልስ



ውድ አንባቢያን፣ በጥያቄ ሳጥናችን ውስጥ ስም ያልተጻፈበት አንድ ብጣሽ ወረቀት አግኝተናል። ጸሐፊው ከሦስት ሳምንት በፊት ዚና ላይ መውደቁን፣ ከዚያ ወዲህ ጉሮሮውን እንደሚያመውና ሌሊት እንደሚያልበው ይገልጻል። “ተውባ አድርጌያለሁ፤ ለመመርመር ግን ፈራሁ። ይዞኝ ይሆን?” ሲል ይጠይቃል። ወንድማችን ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይመስለንምና በጤና ሳይንስ የሚማሩ የጀመዓችንን ወንድሞችና እህቶች አማክረን ይህን አዘጋጅተናል።

የዚናን ሐራምነት እዚህ መድገም አያስፈልገንም፤ ጠያቂያችንም ያውቀዋል። የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ምልክት አይመሰክርም

ኤች አይ ቪ ሲገባ ብዙ ሰዎች ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የንፍፊት እብጠትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊታይ ይችላል። ነገር ግን እነዚሁ ምልክቶች በጉንፋን፣ በቶንሲል፣ በወባና በታይፎይድም ይመጣሉ። ጭንቀት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስልባል፣ ሆድ ያውካል። በሌላ በኩል ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ቫይረሱ የያዛቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ የታመመ ሰው “ይዞኛል”፣ ያልታመመም “ነጻ ነኝ” ሊል አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ምልክት መፈለግ ጭንቀት ይጨምራል እንጂ መልስ አይሰጥም።

አንድ ጊዜ የተፈጸመ ግንኙነት ሁሉ ቫይረሱን ያስተላልፋል ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ግን ሊበቃ ይችላል። የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ፣ ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ። በየቀኑ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። በቶሎ በተጀመረ መጠን የተሻለ ይሠራል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም። ስለዚህ “እስከ ሰኞ ልጠብቅ” አይባልም። በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተገዳ ለተደፈረች እህት ደግሞ ይህ በእጅጉ ይመለከታታል። እህታችን ሆይ፣ በተገደድሽበት ነገር ወንጀል የለብሽም። ከሁሉ በፊት ወደ ሆስፒታል ሂጂ፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎችና ላልተፈለገ እርግዝና የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ለሁሉም ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

መቼ እንመርመር?

በብዙ ጤና ጣቢያዎች ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ በምርመራ እስኪታዩ ሳምንታት ይወስዳሉ። በማግስቱ ተመርምሮ “ነጻ ነኝ” ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ምርመራ አስተማማኝ የሚባለው ከተጋለጡበት ቀን 90 ቀን ሲሞላ የሚገኘው ውጤት ነው።

ለጠያቂያችን እንዲህ እንላለን፦ የፔፕ ጊዜ አልፏል፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ሂድ። የሆነውንና የሚሰማህን ለባለሙያው ንገረው፤ ጉሮሮህም ይታያል። ዛሬ ተመርመር፣ በስድስተኛው ሳምንት ድገም፣ በሦስተኛው ወር አረጋግጥ። በመሐል ሌላ መጋለጥ ከሌለና የሦስተኛው ወር ውጤት ኔጌቲቭ ከሆነ ጉዳዩን ዝጋው። በየሳምንቱ መመርመር አያስፈልግም። ፔፕ የወሰደ ሰው ግን የምርመራ ቀኖቹን ባለሙያው ይወስንለታል። ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም በዚያው ይመርመሩ።

ሁለት ማሳሰቢያ፦ ውጤት ለማወቅ ተብሎ ደም መለገስ አይገባም፤ ገና በምርመራ ያልታየ ቫይረስ ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። ያገባም ሰው ውጤቱ እስኪረጋገጥ የትዳር ጓደኛውን ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም።

ገመና መሸፈንና ሕመም መደበቅ

ማዒዝ (ረ.ዐ) ዚና መፈጸሙን ሊናገር በመጣ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው ፊታቸውን እንዳዞሩበት በሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማዎች ከዚህ በመነሳት ወንጀል ላይ የወደቀ ሰው ራሱን ሸፍኖ በእሱና በአላህ መካከል ተውባ ቢያደርግ የተሻለ መሆኑን ያስተምራሉ። ስለዚህ ለዶርም ጓደኛ፣ ለጀመዓው አሚርም ሆነ ለእኛ መንገር ግዴታ የለብህም። ለሐኪም መንገር ግን ወንጀልን ማውራት ሳይሆን መድኃኒት መፈለግ ነው፤ መድኃኒት መፈለግ ደግሞ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙን ነው። ባለሙያውም ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በግቢው ክሊኒክ የሚያውቅህ ሰው እንዳያይህ ከፈራህ ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ተመርመር።

ተውባ ወንጀሉን መተውን፣ መጸጸትንና ላለመመለስ መቁረጥን ይጠይቃል፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መጠበቅን። ነገ በኒካሕ የምታገባት እህት ጤናዋ ሐቋ ነው። እናም ምርመራው ከተውባው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ?

የመጀመሪያው ውጤት በሌሎች ምርመራዎች ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። በአግባቡ የሚወስድ ሰው ትምህርቱን ይጨርሳል፣ ይሠራል፣ እውነቱን ተናግሮ ያገባል፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆችም ይወልዳል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ከቆየ በግንኙነት አይተላለፍም።

እኛም ድርሻ አለን። ኤች አይ ቪ አብሮ በመስገድ፣ በአንድ ጀበና ውዱእ በማድረግ፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ሰው የታመመበትን መንገድ መመርመርም የእኛ ሥራ አይደለም፤ በትዳር፣ በደም ወይም ከእናት የያዘው ብዙ ነውና። ወንድማችን ለመመርመር የፈራው ውጤቱን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የእኛንም ዓይን ፈርቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እኛም ተውባ ያስፈልገናል።

አላህ ለጠያቂያችን ዓፊያውን ይስጠው፣ ተውባውን ይቀበለው፣ ገመናችንንም ይሸፍንልን። አሚን።