ማረሻ ያልደረሰባቸው መቃብሮች

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳዎች መካከል፣ ጥቂት ዛፎችና ያዘመሙ ድንጋዮች የሚታዩባቸው ትንንሽ የመቃብር ቦታዎች አሉ። በውስጣቸው ያረፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አካባቢው የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪ ገበሬዎች ናቸው።

ምድሩ ቀድሞ የሳውክና የሜስኳኪ ሕዝቦች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 በሳውኩ መሪ በብላክ ሆክ ስም የሚጠራው ጦርነት ሲያበቃ የምሥራቅ አዮዋን መሬት እንዲለቁ ተገደዱ፤ በ1833 ቦታው ለሰፋሪዎች ተከፈተ። ሰፋሪው ሲደርስ ቤተ ክርስቲያንም መካነ መቃብርም አልቆየውም። ሰው ሲሞት ከእርሻው ዳር፣ ውኃ በማይተኛበት ጉብታ ላይ ይቀበራል። ጎረቤትም ሟቹን እዚያው ሲያመጣ የአንድ ቤት መቃብር የመንደር ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች እንጨትና ያልተጠረበ ድንጋይ ስለነበሩ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ተከትሎ የመጣውን እብነ በረድ ዝናብ እያጠበ ጽሑፉን አደብዝዞታል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በዚንክ የተሠሩ ሐውልቶች ግን ዛሬም ይነበባሉ። በልጆች መቃብር ላይ የተኛ ጠቦት ይቀረጽ ነበር፤ እንደ ዲፍቴሪያ ያሉ በሽታዎች ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፉ ስለነበር ምስሉ ደጋግሞ ይታያል። ሟቾች በአብዛኛው ትንሣኤን በመጠበቅ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ተቀብረዋል።

የባቡር ሐዲዱ የራቃቸው መንደሮች ሲከስሙ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ሲሄድ፣ መቃብሮቹ ጠያቂ አጡ። የአዮዋ ሕግ ባለፉት 50 ዓመታት ከ12 ያልበለጠ ቀብር የተፈጸመባቸውን ቦታዎች የቀደምት ሰፋሪዎች መቃብር ብሎ ለይቷል፤ የአውራጃ አስተዳደሮችም የሚንከባከባቸው ኮሚሽን ማቋቋም ይችላሉ።

መቃብሮቹ ያቆዩት የሰው ስም ብቻ አይደለም። ጆን ዲር በ1837 የሠራው የአረብ ብረት ማረሻ ሥሩ የተጠላለፈውን የሣር ምድር ለማረስ አመቸ፤ ፕሬሪ ከሚባለው የአዮዋ ጥንታዊ ሣር ዛሬ የቀረው የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። መቃብር ስለማይታረስ በአጥሩ ውስጥ የነበረው ተረፈ። በሴዳር አውራጃ የሚገኘው የሮቸስተር መካነ መቃብር በአምስት ሄክታር ገደማ ላይ ከ400 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች ይዟል። ሣሩ ታጭዶ መቃብሩ ይጥራ በሚሉና የዱር አበባው እንዳለ ይቆይ በሚሉ ቤተሰቦች መካከል ግን ክርክር አለ። የግዛቱ ሕግ በቀደምት ሰፋሪዎች መቃብሮች የአገሩ ሣርና የዱር አበባ እንዲያገግም ይፈቅዳል።